ከማን ጋር ሲነጻጸር? በወረርሽኝ ወቅት መድኃኒቶችን ስለማወዳደር የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? በመካከላችሁ ቆሜ እንድናገር ለጋበዙኝ አዘጋጆች ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በመጥሪያው ላይ የሰፈረው ርእስ «በወረርሽኝ ወቅት ለሕክምና የታጩ መድኃኒቶች ንጽጽር» ይላል። ርእሱን ሳነብ ትንሽ ደንግጫለሁ፤ እኔ የምርምር ሰው አይደለሁም፤ ከሃያ ዓመት በላይ በመድኃኒት ቤት መስኮት ከሰው ጋር ፊት ለፊት ስነጋገር የኖርኩ ፋርማሲስት ነኝ። ስለዚህ የመድኃኒቶቹን ኬሚስትሪ ለመምህራኖቻችሁ ትቼ፣ እዚያ መስኮት ላይ ቆሜ መጠየቅ ሲገባኝ ሳልጠይቀው ስለቀረሁት አንድ ጥያቄ ልናገር። ጥያቄው አጭር ነው፦ ከማን ጋር ሲነጻጸር?

ከራሴ ልጀምር። በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ረፋድ ላይ አንድ ጎልማሳ ወደ መስኮቱ መጣ። ከኪሱ ብጣሽ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ላይ የወባውን መድኃኒት፣ «ክሎሮኪን»ን፣ ለማለት የተሞከረ ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ የሐኪም ማዘዣ አይደለም፤ ፊደሉም ተዛንፏል። «ለማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለቤት ነው እህቴ፤ ለሚመጣው ነገር» አለኝ። «ስንት ፍሬ?» ስለው «ያለሽን» አለ። ሸጥኩለት። ያለ ማዘዣ ሸጥኩለት። በዚያ ሳምንት እንዲህ ያስተናገድኩት እሱን ብቻ አልነበረም፤ ክሎሮኪኑም፣ ወንድሙ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪንም ከመደርደሪያው አለቁ።

በወሩ መጨረሻ አንዲት የቆየች ደንበኛዬ መጣች። ሉፐስ የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ በገዛ ባለቤቱ ላይ የሚነሣበት ሕመም ያለባት ሴት ናት፤ ሃይድሮክሲክሎሮኪን በየቀኑ ትወስዳለች። እንደ ልማዷ ባዶውን እሽግ ይዛ መጥታ በመስኮቱ በኩል አሳየችኝ። እኔም ባዶውን መደርደሪያ አሳየኋት። አልተቆጣችም። «ለእኔ እንኳ አላስቀመጥሽልኝም?» ብቻ አለችኝ። ይህን የምነግራችሁ ያ ሰው ወረቀቱን ሲዘረጋልኝ፣ እኔም ስቀበለው፣ ሁለታችንም የምናውቀው ነገር አንድ ዓይነት ስለነበር ነው፤ «እገሌ ወስዶት ድኗል» የሚል ወሬ። እሱስ መሐንዲስ ይሁን ነጋዴ አላውቅም፤ እኔ ግን ፋርማሲስት ነበርኩ።

እናንተን የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ «እገሌ ወስዶት ድኗል» የሚለው አነጋገር ሐሰት ነው? አይደለም። ወስዷል፤ ድኗልም። ችግሩ በዚህ በሽታ ከተያዙት አብዛኞቹ ምንም ሳይወስዱ መዳናቸው ነው። አብዛኛው ታማሚ በራሱ የሚድንበት በሽታ ሲመጣ፣ በዚያ ሰሞን አፍ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ መድኃኒት ይሆናል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ሎሚው፣ ፌጦው፣ ዳማ ከሴው፣ ሁሉም በየቤቱ የሚመሰክርለት ሰው አግኝቶ ነበር። እናቴ ነጭ ሽንኩርት በማር ስትወስድ ሰንብታ ተሻላትና «አየሽ!» አለችኝ። እኔም «እማዬ፣ ጎረቤታችን እኮ ሽንኩርት ሳይቀምሱ ድነዋል» ብዬ ተከራከርኩ። ምን ብትመልስልኝ ጥሩ ነው? «እሳቸውማ ጠበል ጠጥተው ነው።» ሳቅን፤ ግን ልብ በሉ፣ እናቴ ሳታውቀው የምርምርን ዋና ችግር ነገረችኝ፤ ምንም ሳይወስድ በሽታውን ዝም ብሎ ያሳለፈ፣ ለማነጻጸሪያ የሚሆን አንድ ሰው ከመንደራችን ማግኘት አልተቻለም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነጥቤ ይህ ነው፤ ማነጻጸሪያ የሌለው ውጤት፣ ወይም ማነጻጸሪያው የተበላሸ ውጤት፣ ከእናቴ ምስክርነት አይሻልም፤ በሳይንስ መጽሔት ቢወጣም አይሻልም። ያን ሰው ወደ መስኮቴ ያመጣው ወሬ ከየት ተነሣ? ብዙው የተነሣው በመጋቢት ወር ከፈረንሳይ ከወጣ አንድ ጥናት ነው። የተቆጠሩት ታማሚዎች 36 ነበሩ፤ 20ዎቹ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ወስደዋል፤ 16ቱ አልወሰዱም። ከ20ዎቹ የብዙዎቹ ቫይረስ በስድስተኛው ቀን ከአፍንጫቸው ጠፍቶ ተገኘ ተባለ። ቁጥሩ ያስደስታል። ግን መድኃኒቱን የጀመሩት 20 አልነበሩም፤ 26 ነበሩ። ስድስቱ የት ሄዱ? ሦስቱ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ፤ አንዱ ሞተ፤ አንዱ ከሆስፒታሉ ወጥቶ ሄደ፤ አንዱ ማቅለሽለሽ አስቸግሮት መድኃኒቱን ተወ። እነዚህ ስድስቱ ከስሌቱ ወጡ። አስቡት እስቲ፤ መድኃኒቱን እየወሰደ የሞተው ሰው መድኃኒቱ ከሚለካበት ሚዛን ላይ ወረደ። ጥናቱ ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ባሳተመው መጽሔት ተሰርዟል። በ2012ቱ መጋቢት ግን «ስድስቱ የት ሄዱ?» ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመጋቢት 19 ቀን ለሁለቱ መድኃኒቶች የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ሰጠ፤ በሌጎስ ክሎሮኪን ከመጠን በላይ ወስደው የተመረዙ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ እኔም ደንበኛዬን ባዶ እጇን ሸኘኋት።

«በላቦራቶሪ ቫይረሱን ይገድል ነበር እኮ» የሚል ይኖራል። አዎን፣ ከጦጣ ኩላሊት በተወሰዱ ሴሎች ላይ ቫይረሱን አግዶ ነበር። ቆይቶ ከሰው ሳንባ በተገኙ ሴሎች ላይ ሲሞከር ግን አላገደውም፤ ቫይረሱ ወደ ሳንባ ሴል የሚገባበት በር ሌላ ነው። ይህን አልፈዋለሁ።

ሁለተኛው ነጥቤ፣ ብዙ ሰዓት የምወስድበትም፣ ማነጻጸሪያው እንዴት ይመረጥ የሚለው ነው። አንድ ሐኪም አዲስ መድኃኒት በእጁ ቢገባ ለማን ይሰጠዋል? አንዱ በጣም ለደከመው ይሰጣል፤ «ሌላ ምን ተስፋ አለው» ብሎ። ሌላው ጠንከር ላለው ይሰጣል፤ «እሱ ይችለዋል» ብሎ። ሁለቱም ቅን ናቸው። የመጀመሪያው ሐኪም ታማሚዎች ብዙ ይሞቱና መድኃኒቱ ገዳይ ይመስላል፤ የሁለተኛው ይድኑና ተአምር ይመስላል። መድኃኒቱ ግን ከውሃ ያልተለየ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔውን ለማስረዳት ከቤታችን የቀረበ ምሳሌ አለኝ፤ ዕቁብ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዕቁብ ያልጣለ ብዙ የለም ብዬ አምናለሁ። ዕጣው ተጠቅልሎ፣ ተደባልቆ፣ በሰው ሁሉ ፊት ይወጣል። ዳኛው ወንድሙ ቢቸገርም፣ ጸሐፊው ከአንዱ ቢጣላም፣ የወጣው ወጣ ነው። ዕጣው የሚያከብረው ሀብታምና ድሃ የለም፤ ስለዚህም ዕቁባችን ትልቅ ከሆነና ብዙ ዙር ከዞረ፣ በመጀመሪያው አጋማሽ ዕጣ የወጣላቸውና በሁለተኛው አጋማሽ የወጣላቸው ሰዎች በዕድሜም፣ በገቢም፣ በጠባይም ይመሳሰላሉ። በሕክምና ሙከራም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱን የሚያገኘውንና የማያገኘውን ዕጣ ከለየው፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ ስኳር ያለበትም የሌለበትም በሁለቱም ወገን ይደርሳል፤ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ዋና ልዩነት መድኃኒቱ ብቻ ይሆናል። ታዲያ ዳኛው ዕጣውን አጮልቆ አይቶ ቢያወጣስ? ዕቁቡ ይፈርሳል! ሙከራውም ይፈርሳል፤ ቀጣዩ ታማሚ ወዴት እንደሚመደብ ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ የለበትም የሚባለው ለዚህ ነው።

በብሪታንያ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ፒተር ሆርቢና ማርቲን ላንድሬይ፣ «ሪከቨሪ» ብለው የሰየሙትን ሙከራ በዚሁ በዕጣ መንገድ ጀመሩት። የሙከራው ዕቅድ ከተረቀቀ በዘጠነኛው ቀን የመጀመሪያው ታማሚ ገባ። ቅጹ አጭር ነበር፤ በሥራ የተወጠረች ነርስ ልትሞላው የምትችል። ዋናው መለኪያ አንድ ነበር፤ ታማሚው በ28 ቀን ውስጥ ሞተ ወይስ በሕይወት አለ? ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለ1,561 ሰዎች ተሰጠ፤ 3,155ቱ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ከወሰዱት 27 በመቶው፣ ካልወሰዱት 25 በመቶው ሞቱ። የ36 ሰው ጥናት ያነገሠውን የ4,716 ሰው ዕጣ አወረደው። ለኤችአይቪ የምንሰጠው ሎፒናቪር ከሪቶናቪር ጋር ተቀናጅቶ ተሞከረ፤ እሱም በሞት ላይ ለውጥ አላመጣም። ከበሽታው ያገገሙ ሰዎች የደም ፕላዝማ ከ11,000 በላይ በሆኑ ታማሚዎች ተፈተነ፤ በሁለቱም ወገን 24 በመቶ ሞት።

«እንግዲያው ቁም ነገሩ የቁጥር ብዛት ነው» እንዳትሉኝ። በግንቦት 2012 ከ671 ሆስፒታሎች፣ ከ96,000 በላይ ታማሚዎች ተሰበሰበ የተባለ መረጃ ይዞ፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሞትን ያባብሳል የሚል ጽሑፍ በአንድ ስመ ጥር መጽሔት ወጣ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያ ምክንያት በራሱ ሙከራ ውስጥ የሃይድሮክሲክሎሮኪኑን ክፍል ለጊዜው አቆመ። ከዚያ ሰዎች መረጃውን እናያለን ሲሉ የሚያሳይ ጠፋ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጽሑፉ ተሰረዘ። መድኃኒቱ እንደማይጠቅም ቆይቶ በትክክለኛ መንገድ ታወቀ፤ ያ ጽሑፍ ግን ትክክል አልሆነም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በሁለቱም በኩል ሆነ፤ መድኃኒቱን ለማንገሥ የቸኮለውም፣ ለመጣል የቸኮለውም አፈሰሰ።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ጥሩ ጥያቄም ነው። «ሰው እየሞተ ዕጣ? ተስፋ ያለውን መድኃኒት ለግማሹ ከልክሎ ለግማሹ መስጠት ጭካኔ አይደለም ወይ?» ይላሉ። መልሴን ከአህጉራችን አመጣለሁ። ከኮቪድ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018፣ በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በእነ ቤኒና ቡቴምቦ፣ ኢቦላ ሰው እየፈጀ ሳለ አራት መድኃኒቶች በዕጣ እንዲወዳደሩ ተደረገ። በዚያ አካባቢ ጦርነት ነበር፤ የሕክምና ማዕከሎች ተቃጥለዋል። ሥራውን ከመሩት አንዱ ኮንጎአዊው ፕሮፌሰር ዣን-ዣክ ሙየምቤ ናቸው፤ ኢቦላ ገና ስም ሳይወጣለት፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ያምቡኩ ድረስ ሄደው የታማሚ ደም የቀዱ ሰው። ልብ በሉ፣ በዚህ ሙከራ ማንም ባዶ እጁን አልቀረም፤ ሁሉም አንድ አንድ መድኃኒት አገኘ። ዚማፕ የሚባለው በምዕራብ አፍሪካው ወረርሽኝ ጊዜ ስሙ የገነነ፣ ሁሉም «እሱ ነው» ያለው መድኃኒት ስለነበር የሌሎቹ ማነጻጸሪያ ሆነ። ቫይረሱ እንዳይራባ ለማገድ የተሠራው ሬምደሲቪርም ነበረበት። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1995 በኪክዊት ከኢቦላ ከተረፈ ሰው ደም የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራው ፕሮቲን፣ ሲሆን፣ አራተኛው የሦስት ፀረ እንግዳ አካላት ቅልቅል ነው።

681 ሰዎች ገቡ። ዚማፕ ካገኙት 49.7 በመቶው ሞቱ። ሬምደሲቪር ካገኙት 53.1 በመቶ። ከኪክዊቱ ሰው ደም የተገኘውን ካገኙት 35.1 በመቶ፤ ቅልቅሉን ካገኙት 33.5 በመቶ። ሙከራው በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ቀድሞ እንዲቆምና ሁሉም ታማሚ ከሁለቱ የተሻሉት አንዱን እንዲያገኝ ተወሰነ። አሁን እኔ ልጠይቃችሁ፤ ዕጣ ባይኖርና ለሁሉም በቅን ልብ ያንን ስመ ጥሩን ዚማፕ ብንሰጥ ኖሮ ጭካኔው የት ይሆን ነበር? በመቶ ሰው አሥራ አምስት ያህል ሰው በቅን ልብ እየቀበርን፣ ሳናውቀውም እንቀጥል ነበር።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን ሲያዩ አይቻለሁ። መድኃኒቱ ለየትኛው ታማሚ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ሲለካ? የመለኪያውን ነገር በሬምደሲቪር ባጭሩ ልንገራችሁ። በኢቦላ የተሸነፈው ይህ መድኃኒት በኮቪድ ተመልሶ መጣ። አሜሪካ በመራችው፣ በ1,062 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ የማገገሚያውን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 10 ቀን አሳጠረ። በዓለም ጤና ድርጅት «ሶሊዳሪቲ» ሙከራ ግን፣ በ30 አገሮች፣ ሬምደሲቪር ካገኙት 2,743 ሰዎች 301 ሞቱ፤ ካላገኙት 2,708 ሰዎች ደግሞ 303። አንዱ ሙከራ ዋሸ? አልዋሸም። አንዱ «መቼ ይሻለዋል» ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው «ይሞታል ወይ» ብሎ ጠየቀ። አምስት ቀን ቀድሞ አልጋ መልቀቅ አልጋ በጠፋበት ጊዜ ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን የአምስት ቀን ሕክምናው በሰው 2,340 ዶላር ተተምኖ ሲመጣ የጤና በጀት የሚይዝ ሰው የትኛው ጥያቄ እንደተመለሰለት ማወቅ ይኖርበታል።

ዴክሳሜታሶን ላይ ግን መቆም እፈልጋለሁ፤ ይህ መድኃኒት የእኛ የመስኮት ሰዎች የድሮ ትውውቅ ነው። ርካሽ ነው፤ በየመደርደሪያው አለ፤ ከሐኪም ማዘዣ ውጭ ማን ይጠይቀን እንደነበር ታውቃላችሁ? መወፈር የሚፈልጉ ሰዎች! ፊት ሞላ እንዲልላቸው። ስንመልሳቸው የኖርነው ይህ ተራ ክኒን ነው እንግዲህ የዓለምን ጋዜጣ የሞላው። አጋጣሚው ያስገርማል፤ አሜሪካ የክሎሮኪኖቹን የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ የሰረዘችው ሰኔ 8 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በማግሥቱ፣ ሰኔ 9 ቀን፣ ሪከቨሪዎች የዴክሳሜታሶንን ውጤት አሳወቁ። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት፣ ሳይወስዱ 41.4 በመቶ ይሞቱ የነበሩት፣ ሲወስዱ 29.3 ሆኑ። ኦክስጅን ብቻ ከሚሰጣቸው፣ ከ26.2 ወደ 23.3 ወረደ። በቀን 6 ሚሊግራም፣ ቢበዛ ለአሥር ቀን፤ የአንድ ሰው ሕክምና በእነሱ ዋጋ አምስት ፓውንድ ያህል።

በዚያው ሳምንት የእኛም ጤና ሚኒስቴር ኦክስጅን ወይም የመተንፈሻ ማሽን ለሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች እንዲሰጥ መከረ። ጥሩ። በዚያው ሳምንት መስኮቴ ላይ ደግሞ አንድ ወጣት መጣ፤ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ ስልኩን አብርቶ፣ ዜናውን በጣቱ እያሳየኝ። «ይህን ሁለት እሽግ ስጪኝ» አለ። «ማን ታሟል?» «እኔ ትንሽ ያስለኛል።» «ትንፋሽ ያጥርሃል?» «አያጥረኝም፤ እንዳይብስብኝ ብዬ ነው።» ይህን ጊዜ ግን የመጋቢቷ እኔ አልነበርኩም። የሪከቨሪ ውጤት ሰንጠረዥ ሦስተኛ መስመር አለውና። ኦክስጅን የማያስፈልጋቸው ታማሚዎች፣ ልክ እንደዚያ ወጣት ያሉት፣ ዴክሳሜታሶን ካልወሰዱት 14 በመቶው፣ ከወሰዱት 17.8 በመቶው ሞተዋል። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው፤ ጥቅም አለው ለማለት ግን የሚያስደፍር አንዳችም ነገር የለበትም።

ለምን እንዲህ ሆነ? በበሽታው መጀመሪያ ቫይረሱ ይራባል፤ የሚያስፈልገን የሰውነት መከላከያ ነው፤ ዴክሳሜታሶን ደግሞ ያንን መከላከያ ያዳክማል። ሲከፋ፣ ሳንባውን የሚያፈርሰው ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን መጠን ያለፈው የመከላከያው ቁጣ ነው፤ ያኔ ዴክሳሜታሶን ቁጣውን ያበርዳል። ተመሳሳይ ክኒን፣ ተመሳሳይ በሽታ፣ የሳምንት ልዩነት። ሦስቱን መስመር ደምራችሁ አማካዩን ብቻ ብታነቡ 25.7 ወደ 22.9 ወረደ ትላላችሁ፤ እውነት ነው፤ ያንን ወጣት ግን ልትጎዱት ትችላላችሁ። ወጣቱ ተቆጥቶ ሄደ። ከሌላ መድኃኒት ቤት ገዝቶ ይሆናል።

ሳልጨርስ፣ አዘጋጆቹ አስቀድመው የላኩልኝን አንድ ጥያቄ ልመልስ፤ «ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ አይደለም ወይ?» ይላል። አይደለም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በሩዋንዳ የኢቦላ ዘመድ የሆነው የማርበርግ በሽታ ተነሣ። 66 ሰዎች ታመው 15ቱ ሞቱ፤ ቀደም ባሉ ወረርሽኞች ሞቱ እስከ 88 በመቶ የደረሰ በሽታ ነው። ታማሚዎቹ ሬምደሲቪርና ፀረ እንግዳ አካል ተሰጥቷቸዋል፤ ሁለት ታማሚዎች ከመተንፈሻ ማሽን ወጥተው ተርፈዋል፤ ለማርበርግ ታማሚ ይህ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው ተብሏል። የሩዋንዳ ሐኪሞች ያደረጉት የሚያኮራ ነው። ግን ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ፤ ቀድመው የታወቁ፣ ጥሩ ሆስፒታል የተኙ፣ ፈሳሽና ኦክስጅን በጊዜው ያገኙ። ያተረፋቸው ሬምደሲቪሩ ነው? ፀረ እንግዳ አካሉ ነው? ወይስ እንክብካቤው? አብዛኞቹ መድኃኒቱን አገኙ፤ በዕጣ የተለየ የሚነጻጸር ወገን አልነበረም። ከዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2018 ዓ.ም.፣ ያው በሽታ ጂንካ ላይ በእኛው አገር ሲገኝ፣ ሐኪሞቻችን ያንኑ ያልተመለሰ ጥያቄ ይዘው ነው ታማሚው አልጋ አጠገብ የቆሙት።

ከእናንተ መካከል በዚያ ሰሞን ጂንካ የነበራችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ የቀረውን ሰዓት ለእናንተ ልተውና እኔ ልቀመጥ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።